የአቶ ጥሩነህ ጠቋሚ

በሐምሌ ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ክሬሰንት ታውን የሚባል የባሕር ማዶ ሰፈር ነዋሪ የሆኑት አቶ ጥሩነህ የፖስታ ሳጥናቸውን ከፈቱ። በውስጡ ሁለት የፒዛ ማስታወቂያና አንድ ቡናማ ፖስታ ነበር። ማስታወቂያዎቹን እዚያው ጣሏቸው። ቡናማውን ግን ሊፍት ውስጥ ሰው እንዳያይባቸው ሸሚዛቸው ሥር ከትተው አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጡ።

ደብዳቤው ከግብር መሥሪያ ቤት ነው። በየካቲት አርአርኤስፒ በሚሉት የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ ያስገቡት ሃያ አራት ሺህ ዶላር ከተፈቀደላቸው በላይ ነው፤ የተፈቀደላቸው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ብቻ ነው፤ ትርፉ እስኪወጣ በየወሩ ወደ መቶ ዘጠና አምስት ዶላር ቅጣት ይታሰባል ይላል።

አቶ ጥሩነህ ሃያ ዓመት ሙሉ ተንበርክከው የሰው መታጠቢያ ቤት ታይል ሲያነጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው አልቋል። ሥራ ሲያቆሙ የሚኖሩት በዚያ ገንዘብ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ ከሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ሲመለሱ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ጠበቃቸው።

«ሰው ጠቁሞብኛል» አሉ አቶ ጥሩነህ።

«ምን ብሎ?»

«ብር አለው ብሎ ነዋ።»

«ባንክ ወስደህ የከተትከው አንተ። ምኑ ነው የሚጠቆመው?»

«ስለሺ ነው። አስገባ፣ አስገባ እያለ የነዘነዘኝ እሱ ነው። አሁን ገባኝ።»

ስለሺ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ አብረው ጸልየዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሊፍት ውስጥ «ሰላም ነው ወንድሜ? ሥራ እንዴት ነው?» ሲላቸው አቶ ጥሩነህ የፎቁን ቁጥር ማየት ያዙ። ሥራ እንዴት ነው ማለት ምን ማለት ነው? ምን ሊጽፍባቸው ነው?

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው የወንዶች ኅብረት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የእጅ ሙያተኞች ናቸው። ከክፍያቸው ጥቂቱን በቼክ፣ የቀረውን በካሽ ይቀበላሉ። እርስ በርስ ሲጫወቱ ሁሉም ሀብታም ነው፤ ስለሺማ «እኔ አርአርኤስፒዬን በየዓመቱ እስከ አፉ ነው የምሞላው» ይላል። የግብር ፎርም ሲሞሉ ደግሞ ሁሉም ምስኪን ነው። ሁለቱም ወሬ በአንድ አፍ ለዓመታት በሰላም ሲኖር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ አቶ ጥሩነህ ተነሡ።

«በመካከላችን የሰውን ገቢ ለመንግሥት የሚያደርስ ሰው አለ። ጌታ እንዲገልጠው ጸልዩልኝ።»

«አሜን» የሚለው እንደወትሮው አብሮ አልወጣም። አንዱ አይኑን ገልጦ ጎረቤቱን አየ፤ ጎረቤቱም እያየው ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ለቁርስ የቀረበው ሳንድዊች ሳይነካ ሁሉም ወደ መኪናው ሄደ።

ሰኞ ወይዘሮ አጸደ ባላቸውን እየጎተቱ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወዳለችው የግብር ባለሙያ ወደ ሔርሞን ወሰዷቸው።

«መጀመሪያ ማን እንደነገራቸው ንገሪኝ» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ገቢዬን።»

ሔርሞን ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። «እርስዎ ነዎት። ባለፈው ዓመት ያገኘሁት አሥራ አራት ሺህ ነው ብለው ሳይን አድርገዋል። ለአርአርኤስፒ የሚሰጥዎ ሊሚት ካሳወቁት ገቢ ከመቶ አሥራ ስምንቱ ነው። ካለፉት ዓመታት የተረፈዎት ደግሞ የለም፤ ተጠቅመው ጨርሰውታል።»

«የቀረውን እኮ በካሽ ነው የሠራሁት።»

«እኔ ገብቶኛል። እነሱ ግን አያውቁም። ሊሚትዎን ያሳነሱትም ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ማንም አልጠቆመብኝም?»

«ማንም። እንዲያውም ጠቋሚ ቢኖርዎት ሊሚትዎ ከፍ ይል ነበር።»

ወይዘሮ አጸደ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሔርሞን ቀጠለች። «ትርፉን ቶሎ እናስወጣለን፤ ቅጣቱም እንዲነሳልዎ እንለምናለን። ካሹን ግን ሳይጠይቁዎት ራስዎ ያሳውቁ። ታክስ ይከፍላሉ፣ ያማል። ግን ጋሼ፣ ይሄ ሂሳብ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት የሚከፍልዎት የሥራ ጡረታም የሚሰላው ካሳወቁት ነው። በየዓመቱ ደሃ ነኝ ብለው ከፈረሙ፣ ሲያረጁ የሚሰጥዎትም በፊርማዎ ልክ ነው።»

አቶ ጥሩነህ ጉልበታቸውን አሹ።

«ሰውየውን በከንቱ አኮረፍኩት» አሉ በመጨረሻ። «መቼ ልምጣ?»

«ሐሙስ ጠዋት። የካሽ ሥራዎችዎን የጻፉበት ነገር ካለ ይዘው ይምጡ።»

ሐሙስ ጠዋት አቶ ጥሩነህ ደብተሮቻቸውን በግሮሰሪ ከረጢት ይዘው የሔርሞንን ቢሮ በር ገፉ። ስለሺ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ከረጢት አለ። ከጎኑ የኅብረቱ መሪ ስምዖን፣ ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛው አምሃ፣ ሌሎችም ሦስት ከቅዳሜው ጸሎት። ሁሉም ከረጢት ይዘዋል።

«የአማቴን ፎርም ላስሞላ ነው» አለ ስለሺ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እኔም ለሰው ነው» አለ አምሃ።

ስምዖን ዝናብ ሊጠለል እንደገባ ተናገረ። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

አቶ ጥሩነህ ከስለሺ አጠገብ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቅርታ ሊጠይቁ አስበው ነበር፤ «አማትህ ደህና ናቸው?» የሚለው ቀድሞ ወጣ።

በዚህ መሃል የውስጡ በር ተከፈተና ብሩክታዊት፣ ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንት ያልሞላት ጸሐፊ፣ ወረቀቷን እያየች በትሕትና ተናገረች።

«ያልታወቀ የካሽ ገቢ ለማሳወቅ የመጣችሁ፣ በዚህ በኩል።»

ስድስቱም ተነሡ። አቶ ጥሩነህ ሰባተኛ ሆነው ተከተሉ።