ከኦርቪን ስትራንድ ስም አጠገብ የበራው መብራት

«የድምፅ መስጫው ደወል ሲደወል ልጅዎ የት ነበረች?»

ማርሊስ ኩቤላ ያን ቀን ይህን የፖሊስ ጥያቄ መመለስ አልቻለችም። ልጇን ብሪንን ምክር ቤቱ በር ላይ አውርዳት፣ በረዶው የመኪናዋን መስታወት እስኪሸፍነው ቁጭ ብላ ጠብቃለች። ከዚያ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሌስ ሬዲገር ሞቶ የተገኘው ከኋላኛው የእብነ በረድ ደረጃ ሥር ነው። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲሆን፣ ሠራተኞች በተወካዮች ላይ የሚያቀርቡትን ቅሬታ ይመረምር ነበር። በእጁ ከነበሩት ቅሬታዎች አንዱ የብሪን ነው። አለቃዋ ተወካይ ኦርቪን ስትራንድ በር እየቆለፈ አላስቀምጥ እንዳላት አመልክታለች።

የፖሊስ መርማሪዋ ዳርሊን ኢግልስታፍ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። ሸሚዙ ደረቱ ላይ በእጅ ተጨብጦ ተጨምድዷል።

«ይሄ ሰው አልተንሸራተተም» አለች። «አንቆ የገፋው አለ። የዚህን ደረጃ በር ማን ይከፍተዋል?»

«የተወካይ ካርድ የያዘ ብቻ ነው» አለ የጥበቃው አለቃ። «ተወካዮቹ ደግሞ በሙሉ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ እየሰጡ ነበር። የድምፅ ሰሌዳው ላይ ከሁሉም ስም አጠገብ መብራት በርቷል። ከነሱ ሌላ ካርድ የነበራት ያቺ የስትራንድ ሠራተኛ፣ ብሪን ናት።»

ላይ፣ በሟቹ ቢሮ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። የሚያነሳው አልነበረም።

ስትራንድ ዳርሊንን ተቀምጦ ተቀበላት። ኮቱ ላይ «ትምህርት ቤታችንን አትዝጉ» የሚል ክብ ባጅ አለ።

«ዶሴ እንድታመላልስበት ካርዴን ሰጥቻት ነበር፤ አልመለሰችውም። ሬዲገር ቅሬታዋን ሊጥልባት ነበር፤ ያበደችው በዚህ ነው።»

«ቅሬታ በምስጢር የሚያዝ መስሎኝ?»

«እመቤት፣ እዚህ ቤት የምስጢር ዕድሜ እስከ ምሳ ነው!» ብሎ ሳቀ።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ወንበሬ ላይ። ሰሌዳውን ሄደሽ እዪው፤ ከስሜ አጠገብ መብራት በርቷል።»

የቢሮው ኃላፊ ትሮይ በሩ ላይ ቆሟል። ስለ ካርዱ ስትጠይቀው ወለሉን እያየ «አላስታውስም» አለ።

ብሪንን ምድር ቤት አገኘቻት። ክፍሏ መስኮት የለውም፤ አሮጌ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደራርበውበታል።

«ካመለከትኩ በኋላ ነው እዚህ ያወረዱኝ» አለች ብሪን። «ደወሉ ሲደወልም እዚሁ ነበርኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ማን ወርዶ ያየኛል? ሰላም የሚለኝ እንኳ የለም። ካርዱን ለትሮይ መልሻለሁ፤ ግን ማን ያምነኛል?»

ከክፍሉ ውጪ ትጠብቅ የነበረችው ማርሊስ የልጇን ኮት አቅፋ መርማሪዋን እስከ ደረጃው ተከተለቻት።

«ይወስዱብኛል እንዴ? እኔ ነኝ እኮ አመልክቺ ያልኳት።»

«ዛሬ አይወስዷትም» አለች ዳርሊን። ደረጃውንም ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ክፍል ጠራቻቸው። ስትራንድ፣ ከጎኑ የምትቀመጠው ተወካይ ቬርና ሆልት፣ ትሮይ፣ ብሪንና እናቷ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ነፋሱ መስኮቱን ይደበድባል።

«ክቡር ተወካይ፣ ትናንት ድምፅ የተሰጠው የገጠር ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋት በቀረበው ሕግ ላይ ነው» አለች ዳርሊን። «ክረምቱን ሙሉ ሲቃወሙት ከረሙ፤ ባጁም ኮትዎ ላይ አለ። ከስምዎ አጠገብ የበራው ግን አረንጓዴ፣ የድጋፍ መብራት ነው። ታዲያ ደግፈው ድምፅ ሰጡ?»

ስትራንድ እጁን ባጁ ላይ አሳረፈ።

«ተሳስቼ ነው የተጫንኩት።»

«ሰሌዳው ፊት ለፊትዎ ተሰቅሏል። የተሳሳተ ሰው ድምፁ ሳይዘጋ ይቀይራል። እርስዎ ዛሬ እስኪነገርዎ ድረስ በምን ቀለም እንደበራልዎ እንኳ አላወቁም።» ወደ ቬርና ዞረች። «ወይዘሮ ሆልት፣ እርስዎ ሕጉን ደግፈዋል። የሱን አዝራር ማን ተጫነ?»

ቬርና ቀላች። «ኧረ ሁላችንም እናደርገዋለን! ሰው ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ስልክ ያነሳል፤ ጎረቤቱ ይጫንለታል። የራሴን ተጫንኩ፣ እጄ በልማድ ወደሱ ሄደ። ቀለሙን ልብ አላልኩትም።»

«ደንቡ ይከለክላል።»

«ይከለክላል» አለች ቬርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የሌሎቹን ወንበር አንድ በአንድ አጣርቻለሁ፤ ሁሉንም ተቀምጠው ያያቸው ሰው አለ። ባዶ የነበረው የእርስዎ ብቻ ነው፣ ክቡር ተወካይ። ሬዲገርም ቅሬታውን አልጣለውም። በይፋ እንዲሰማ ወስኖ፣ ደንቡ ስለሚያዝ ትናንት ጠዋት ለእርስዎ ነግሮዎታል፤ ይህን ምክትሉ አረጋግጣልኛለች። የቀረው ካርዱ ነው። ትሮይ፣ አሁንስ አስታወስክ?»

ትሮይ እናትየውን አየ፣ ልጅቷን አየ።

«መልሳልኛለች። ወዲያው ለሱ ሰጠሁት። ትናንት ማታ ‹ካፍህ አንዲት ቃል ብትወጣ› አለኝ። ልጆች አሉኝ እኮ!»

«አንተ ከሃዲ!» ስትራንድ ተነሳ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። «ሬዲገርን ቅሬታውን እንዲተወው ለመንኩት» አለ። «ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩበት ቤት ነው። ‹የልጅቷ ቃል ይሰማ› አለኝ፤ ሌላ ቃል አልነበረውም።»

ማርሊስ የልጇን እጅ ያዘች። ብሪን ግን አላለቀሰችም። «ቃሌ መቼ ነው የሚሰማው?» ብላ ጠየቀች።

ስትራንድ ከእስር ቤት ሆኖ ከተወካይነት ለቀቀ። በምክር ቤቱ ደንብ፣ ተወካይ ባልሆነ ሰው ላይ የቀረበ ቅሬታ አይሰማም፤ የብሪንም ተዘጋ። ቬርና ሆልት ተግሣጽ ተሰጥቷት ወንበሯ ላይ ቀረች። ትሮይ ለአዲሱ ተወካይ የቢሮ ኃላፊ ሆኖ ቀረ። ብሪንን ከምድር ቤቱ ያወጣት የለም። በረዶው ሲቀልጥ እናቷ መኪናዋን በር ላይ አቆመችላት፤ ብሪን ሥራዋን ትታ ሄደች።