አንድ እስር ጨፌ

ጌታሰው ማጭዱን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ፣ ጠፍሩን በትከሻው ጥሎ ሲወጣ ቀና ብሎ ማየት አልፈለገም። ቤቱ ጣራ የለውም። ጎሬ አካባቢ የሰው ቤት ሲከድን ሰንብቶ፣ ሚስቱ ዙፋን ወለደች ሲሉት ነበር ወደ ያዮ የከነፈው። የሚያፈሰውን አሮጌ ክዳን የደረሰ ዕለት አራግፎ በረት ውስጥ ጎዘጎዘው፤ ሣሩ የት ይሄዳል ብሎ። ከዚያ ወደ ረግረጉ ሲወርድ፣ ጨፌ የሚሉት ረጅሙ የክዳን ሣር የለም። እሱ በሌለበት ረግረጉ በቦይ ደርቆ ለበቆሎ ታርሷል።

«ዙፋን ከነልጇ እኛ ቤት ትሁን» አለ ጎረቤቱ ያደታ።

«አራስ ክርስትና ሳታስነሣ ከቤቷ ትወጣለች? አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣው ሥርዓት ነው። እከድንላታለሁ።»

«የአገሩን ቤት ሁሉ ከድነህ የራስህን ገለጥከው። እንዳንተ ያለ ባለሙያስ አላየሁም!»

እየሳቀም ቢሆን ያደታ ማጭዱን አነሣ። ገባ ከሚባለው ወንዝ ማዶ፣ ጫካው ውስጥ፣ ያልታረሰ ረግረግ መኖሩን የሚያውቀው እሱ ነበር።

ወንዙን ተሻገሩ፤ ውሃው ከጉልበታቸው አላለፈም። ጫካው እንደዋጣቸው ግን በመጋቢት ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። ጭቃው እግራቸውን፣ ሐረጉ አንገታቸውን እየያዘ ቁልቁል ተንሸራተቱ። ድንገት ከቁጥቋጦው ጎሽ ፈንድቶ ወጣ።

«ዛፍ ላይ! ውጣ!» ጮኸ ያደታ።

ጌታሰው ቅርንጫፍ ጨበጠ። ያደታ ግን ከግንዱ ሥር ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። አውሬው ግንዱን ገጭቶ፣ ትንፋሹ የያደታን ጀርባ አሙቆት አለፈ።

«አየኸኝ አይደል?» አለ ያደታ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ። «ለሣር ብዬ ልሞት ነበር። ሚስቴ ምን ብላ ታለቅሳለች?»

እያነከሰ መራው። ረግረጉ ላይ ጨፌው ከሰው ቁመት በልጦ፣ በነፋሱ እየተኛ ይነሣል። ጎንበስ ብለው አጨዱ። አራተኛውን እስር ሲያጠብቁ «ዻበዹ!» የሚል ጩኸት ባሉበት አቆማቸው። ገጀራና አካፋ የያዙ ሰዎች ከበቧቸው። ከኋላቸው አዲስ የተቆፈረ ቦይ ይታያል።

ያደታ በኦሮምኛ ለመናቸው፤ የአራሷን ነገር ነገራቸው። ትልቁ ሰውዬ ገጀራውን ዝቅ አደረገ።

«ያሰራችሁትን ውሰዱ። እንዳትመለሱ። ነገ ውሃውን እናፈሰዋለን፤ እኛም የምንበላው እንፈልጋለን።»

አራት እስር ዙፋን ከተኛችበት በላይ ያለውን ጎን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ጌታሰው ይህን ያውቃል። ሁለት ሁለቱን ተሸክመው ተመለሱ።

ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እየጎተተ ጠበቃቸው።

«ይጉደልልን፣ እንደር» አለ ያደታ።

«ልጁ ከሰማይ በታች ነው ያለው!»

ገቡ። መሐል ላይ የያደታ የታመመ እግር ከዳው፤ ሸክሙ ከራሱ ወረደ፣ እሱም ተከትሎት ሄደ። ብቅ ሲል አፉ ውሃ ሞልቶት ነበር። ጌታሰው ከራሱ ላይ አንዱን እስር አውርዶ ወረወረለት።

«እቀፈው! አትልቀቀው!»

ሣሩ ተንሳፈፈ፤ ያደታን ይዞ ወደ ታች ከንፎ ከአንድ የዛፍ ሥር ጋር አጋጨው። ጌታሰው ጎትቶ ሲያወጣው እስሩ ተበትኖ፣ በያደታ ክንድ ውስጥ የቀረው ጭብጥ የማይሞላ ነበር። ጌታሰው የቀረችውን አንዷን እስር ተሸክሞ ያደታን ደገፈው።

ቤት ሲደርሱ ምድጃው ውሃ ይዞ አመዱ ይንሳፈፋል። ዙፋን ምሰሶው ሥር ቁርበት ተከናንባ በልጇ ላይ ጎንበስ ብላለች። የልጁ ልቅሶ ሰልሏል።

«ስንት አመጣህ?»

«አንድ።»

ራቁቱን የቀረውን ማገር አንጋጣ አየች። ጌታሰው እስሩን ፈታ፤ ጣራ ላይ ግን አልወጣም። የሣሩን ጫፍ በአንድ ወገን ጥርቅም አድርጎ አሰረና ሌላውን ለቀቀው። እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ሆነ። አንሥቶ በዙፋን ራስ ላይ ደፋው።

«ተነሺ።»

«ወዴት?»

«ያደታ ቤት።»

«ክርስትናውስ? አባትህ…»

«ተነሺ፣ ዙፋኔ።»

ያደታ እያነከሰ ቀደመ፤ እሷ ልጁን አቅፋ ተከተለችው። ጌታሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀና አለ። ዝናቡ በማገሮቹ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ትንሽ አየው። ከዚያ በሩን ዘጋ።