ኮች ራኬብ ያለችው

«ምን እያለች ነው?» አለች ብዙነሽ፣ የመኪና ቁልፏን እንደያዘች ቆማ።

ልጇ ትንሳኤ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን ሳታወልቅ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው አሰልጣኟ ራኬብ በእንግሊዝኛ ታወራለች። ራኬብ እዚሁ አትላንታ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ በበረዶ ሸርተቴ የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበረች። አማርኛዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም። በእሷና በብዙነሽ መካከል የምትተረጉመው ሁልጊዜ ትንሳኤ ናት።

«የላክሽልኝን አነበብኩት» አለች ራኬብ።

ትንሳኤ ሐኪሙ ስለ ዳሌዋ ሕመም የጻፈውን ትናንት ለራኬብ ብቻ ፎርዋርድ አድርጋላት ነበር፤ ምንም አይደለም እንድትላት።

«የእኔም እንዲህ ነው የጀመረው። ለማንም ሳልናገር፣ ኪኒን እየዋጥኩ ዘለልኩ። አሸነፍኩም። ከዚያ በኋላ ግን ዘልዬ አላውቅም። ሃያ ዓመቴ ነበር። ደረጃ እንዴት እንደምወጣ አይተሻል አይደል?»

አይታለች። ብረቱን ይዛ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ነው የምትወጣው።

«ዝላይ በቃሽ፣ ቲኑ። ለውድድር አላሠለጥንሽም። ለእናትሽ ንገሪልኝ።»

ከመከለያው ማዶ ትንንሽ ልጆች በረዶው ላይ እየወደቁ ይስቃሉ።

«አንቺ! አርፍደን ነው እንዴ የተቆጣችው?» አለች ብዙነሽ። «የስማይርናን ትራፊክ ንገሪያት እንጂ!»

«ኧረ አልተቆጣችም። ላይክ... ሁለት ሳምንት ሬስት አድርጊ ነው ያለችው።»

«ይሄው ነው? ተመስገን! ፊቷን ሳይማ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ለውድድሩ ትደርሻለሽ፤ ልብስ ሰፊዋ ሐረገወይንም የውድድር ቀሚስሽን እየጨረሰች ነው።» ብዙነሽ ጎንበስ ብላ የራኬብን ጉንጭ አገላብጣ ሳመች። «ራኬብዬ፣ የእኔ ጀግና! አንቺ ባትኖሪልን ምን ይውጠን ነበር?»

ራኬብ ቃሉ አልገባትም፤ ደስታው ግን ገባት። ፊቷን ወደ ትንሳኤ አዞረች።

«ነግረሻታል?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ኬኔሶ ከተማ ሌላ አሰልጣኝ አለ፤ እሱ የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም። ትንሳኤ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ ያደረችው ይህንኑ ነበር።

እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ብዙነሽ አሁንም ራኬብን እያየች ትስቃለች።

«አልነገርኳትም» አለች ትንሳኤ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ፣ «እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ። ቅድም የነገርኩሽ እሷ ያለችውን አይደለም።»

ብዙነሽ፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ፣ ተቀመጠች።