ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ

«መዋኘት የማይችል እጁን ያውጣ!» አሉ መምህርቷ።

ማንም አላወጣም። ያን የሚያህል ባሕር ከፊታቸው ተዘርግቶ እያለ የተማሪው እጅ ሁሉ ኪስ ውስጥ ቀረ። አንዷ ተማሪ ግን እጇን እስከ ደረቷ አድርሳው ነበር። ልታወጣው ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ ነው አጠገቧ የቆመውን ልጅ ያየችው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ መለሎ፣ ዓይነ ለስላሳ ልጅ ነው። ባሕሩን እንደ ገዛ ጓሮው ረጋ ብሎ ያየዋል። ዞር ብሎ አያትና ፈገግ አለ። የተነሣው እጇ መንገዱን ቀየረና ፀጉሯን ማስተካከል ያዘ።

መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ወደ ደሴቲቱ የመጡት ለትምህርት ነው። በሞቃት ባሕር ላይ ባለ ደሴት ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ ኮራል የሚሉት ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረትና ዛፉ እንዴት ተደጋግፈው እንደሚኖሩ በመጽሐፍ ያነበቡትን በዓይናቸው ሊያዩ። እሷ ከስንት ተማሪ ተመርጣ ነው። ከቤተሰቧ ባሕር የተሻገረ ሰው የለም። እናቷ በየቀኑ እየደወሉ፣ «ሚጡዬ፣ ውሃው ጥልቅ ነው እንዴ? ኧረ ተጠንቀቂ የኔ እናት!» ይሏታል። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ስለሚሞላ ተማሪው ሁሉ ስሟን ትቶ «ሚጡ» ይላት ጀመር። እሷም እናቷን ለማረጋጋት፣ «አይዞሽ እማዬ፣ እንደ ዓሣ ነው የምዋኘው» ትላለች። እንዲህ ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ያንን መለሎ ልጅ «ሎጋው» አሉት። መምህርቷ ሥራውን ለሁለት ለሁለት ሲያከፋፍሉ ሚጡና ሎጋው አብረው ተመደቡ። ሥራቸው የባሕር ጃርት መቁጠር ነው። የባሕር ጃርት ክብ፣ ጥቁር፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ ፍጥረት ነው፤ በኮራሉ ላይ የሚበቅለውን ሣር ስለሚበላ፣ ብዛቱ የኮራሉን ጤንነት ይናገራል። የሚቆጥሩት ከባሕሩ ዳር የተዘረጋ ገመድ ተከትለው ነው። ገመዱ እስከ ግማሽ ድረስ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ትልቅ ድንጋይ ይዞራል። ከድንጋዩ ጀርባ መሬቱ ድንገት ይከዳል። አንድ ቀን አንዱ ይገባል፣ በማግሥቱ ሌላው።

«ጠባቂው ድንጋዩ ላይ ይወጣል። ዓይኑን ከጓደኛው ላይ እንዳይነቅል!» ብለው አስጠነቀቁ መምህርቷ።

መጀመሪያ ሎጋው ገባ።

«አንቺ ድንጋዩ ላይ አትውጪ» አላት።

«ልጠብቅህ አይደል እንዴ?»

«ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጪ። እኔ ሕፃን ነኝ?»

እንዲህ ያሰበላት ወጣት ገጥሟት አያውቅም። ሄዳ ጥላው ሥር ተቀመጠች። ሎጋው ከድንጋዩ ጀርባ ተሰወረ። ሲዘገይባት ብድግ ብላ ድንጋዩ ላይ አፈጠጠች። ቢሰምጥስ? ማን ያወጣዋል? በመጨረሻ ውሃ እያንጠባጠበ መጣና የቆጠረውን ነገራት። ፎጣ ስታቀብለው ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም ለመሸሽ አልቸኮሉም።

በማግሥቱ ተራው የሷ ሆነ።

«አንተም ጥላው ሥር ተቀመጥ» አለችው።

«እኔማ ግዴለም...»

«ትናንት እኔን አሳርፈህ ዛሬ አንተ ልትቃጠል? አይሆንም።»

ደስ እያለው ሄደ። እሷ ገመዱን ይዛ ድንጋዩን ዞረች። አንድ እርምጃ ስትጨምር ውሃው አገጯን ነካ፤ ሌላ ስትጨምር እግሯ መሬት አጣ። ሕፃን የእናቱን አንገት እንደሚያንቅ ድንጋዩን አቀፈችው። እየዳሰሰች ጠፍጣፋ ቦታ አገኘችና ወጥታ ተቀመጠች። ከፊቷ ያለው ውሃ ጠቁሯል። ተመልሳ አልችልም ትበለው? ያ ፈገግ ያለላት ልጅ ምን ይላታል? ሠርታለች ተብሎ እስኪታመን ድረስ ቆየች። ከዚያ ፀጉሯን ውሃ ነከረችና እሱ ከነገራት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ይዛ ተመለሰች።

«ጎበዝ!» አላት፣ ዓይኑ እያበራ።

ያቺ «ጎበዝ» እንደ እሾህ ተቀረቀረችባት።

ቀኖቹ እንዲህ አለፉ። ማዕድ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ምሳ ሲነሣ ዳርቻውን ይዘው ይሄዳሉ። ሎጋው ስለ ልጅነቱ፣ ቶሎ ስለሚያኮርፈው አባቱ እያወራ ያስቃታል። ቀና ብላ ስታየው እሱ ቀድሞ እያያት ታገኘዋለች። በወደደችው ቁጥር ግን እፍረቷ ባሰባት። የወደዳት ደፋሯን ዋናተኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ያቺ ሴት አይደለችም።

አንድ ቀን ከእራት በፊት መምህርቷ አዳራሹ ውስጥ እያጨበጨቡ ተነሡ።

«የሚጡና የሎጋው ጥልቁ ክፍል ተአምር ነው! ሌላው ጋ ጃርቱ እየተመናመነ እዚያ እንዲህ በዝቷል። ነገ ሁላችንም እንሄዳለን። እናንተ ከፊት ሆናችሁ ትመሩናላችሁ።»

«ጃርቶቹ እኮ የሚሰበሰቡት ፍቅር ለማየት ነው!» አለ አንዱ ቀልደኛ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሚጡ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ሎጋው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«መምህር፣ እኔ መዋኘት አልችልም።»

ሳቁ ተቋረጠ።

«የኔን ቁጥር ይጣሉት። ከድንጋዩ ጀርባ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው። የሷ ግን እውነት ነው። እሷ ጎበዝ ዋናተኛ ናት።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ሚጡ ዞረው፣ «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች፤ አላውቅም ማለቷ ነው። ይሄኛው እንኳን እውነት ነበር፤ የቀረውን ግን ዋጠችው።

«እንግዲያው ነገ የምትመሪን አንቺ ነሽ» አሉ መምህርቷ። «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አትገባም። ዕቃ ታጥባለህ። ትምህርቱን ማለፍ አለማለፍህን እናያለን።»

ሎጋው በዚያ ሁሉ ዓይን መሀል ብቻውን ወጣ። ለሚጡ ምግቡ ቀረበላት፤ አልነካችውም። መዋሸቷ ያሳፍራል። እውነት የተናገረ ሰው ስለሷ እየመሰከረ ሲዋረድ አንገቷን ደፍታ መቀመጧ ግን ሌላ እፍረት ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ተነሥታ ተከተለችው። ከአዳራሹ ጀርባ ገንዳው ጋ ጎንበስ ብሎ የውሃ መነጽሮቹን ያጥባል።

«ምነው መጣሽ? ከውሸታም ጋር እንዳያዩሽ።»

አንዱን መነጽር አንሥታ አብራው ማጠብ ጀመረች።

«ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ» አለች ቀና ሳትል፣ «በግራ በኩል ስለት አለው አይደል? እግሬን ቆርጦኛል።»

እጁ ቆመ። «እዚያ መቀመጫ እንዳለ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አንተ በማትገባበት ቀን የምቀመጥበት እኔ ነኝ።»

ይስቃል ብላ ነበር። አልሳቀም።

«እና እኔ ያን ሁሉ ስናገር... ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ጥላ ሥር ተቀመጥ የምትዪኝ እንዳላይሽ ነበር?»

«አንተስ?»

ውሃው ገንዳው ውስጥ ይንጠባጠባል። ሎጋው የያዘውን መነጽር ነክሮ አወጣው።

«የመጀመሪያ ቀን፣ አዎ፣ እንዳታዪኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የማስበው ሌላ ነው። ጥላው ዞሮ ፀሐይ አግኝቷት ይሆን እያልኩ ነበር የምጨነቀው።»

ሚጡ እንባዋ መጣ። «እኔ ደግሞ በዘገየህ ቁጥር እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ብትሰምጥ እኮ ጥላ ሥር ቆሜ ከመጮህ ሌላ የማደርገው አልነበረም!»

ይሄኔ ሁለቱም ደነገጡ። እሱም ለሷ የሚያደርገው እንዳልነበረ አሁን ገና ገባው።

«ልንገዳደል ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ፣ «አትናገሪ፤ ነገ አመመኝ በዪ። አንዴ ተዋርጃለሁ፤ ሁለታችንም መዋረድ የለብንም» አላት።

ይህን ሲላት ነው የቆረጠችው። እጇን እንኳ ሳትጠርግ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሁሉም እየበላ ነበር። መሀል ቆማ፣ «መምህር፣ እኔም አልችልም። የኔም ቁጥር ፈጠራ ነው። እሱ ሲናገር ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው» አለች። ቀልደኛው እንኳን ቀልድ ጠፋበት።

ሎጋው ተከትሏት ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። መምህርቷ ሁለቱንም አዩአቸው። ይጮሁባቸዋል ሲባል ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

«ብትሞቱ ለእናቶቻችሁ ምን ብዬ ነበር የምደውለው?»

ከቅጣቱ ሁሉ ይህ ከበዳት። ቅጣቱማ ተነገራቸው፦ የጥልቁ ቁጥር ሁሉ ተሰርዟል፤ ከእንግዲህ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰው ዳር ዳሩን ብቻ ይሠራሉ፤ ማለፍ መውደቃቸውም በዚያ ሥራ ይወሰናል።

በማግሥቱ ሌሎቹ በጀልባ ወደ ጥልቁ ሲሄዱ፣ ሚጡና ሎጋው ደማቅ ጃኬታቸውን ለብሰው ዳር ቀሩ። ከጀልባው ያፏጩባቸዋል። ወደ ውሃው ሳይገቡ የሚጡ ስልክ ጮኸ።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለች ገና ስታነሣው። «መዋኘት አልችልም። ችዬም አላውቅ።»

ያ ሁልጊዜ ክፍል የሚሞላው ድምፅ ጠፋ።

«አሁን የት ነሽ?» አሉ እናቷ ቆይተው።

«ዳር ላይ።»

«ከማን ጋር?»

ሎጋውን አየችው። ጆሮው ቀልቷል። «ከ... ከአንድ ልጅ ጋር።»

«ስጪው።»

ሎጋው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«አንተ ልጅ፣ አንተስ ትችላለህ መዋኘት?»

«አልችልም፣ እናቴ።»

«ተመስገን! እንግዲያው ልጄን ጥልቅ ይዘህብኝ አትሄድም።»

ሎጋው ሳቁ መጣበት፣ ግን ዋጠው። ሚጡን እያየ፣ «አልሄድም። እንዲያው ከፈቀዱልን... ስንመለስ አብረን ዋና እንማራለን ብዬ አስቤአለሁ» አለ።

ሚጡ ይህን ከሱ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷ ፍም መሰለ። ያም ሆኖ ወዲያ አላዞረችውም። እናቷ ምን እንደሚሉ ለመስማት ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ዋናው ይደርሳል» አሉ እናቷ። «አንተ መጀመሪያ ቤት ና። በደረቅ መሬት ላይ ልይህ።»