በቀኝ በኩል አምስተኛው ጎማ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር፤ ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው በፍተሻ ቅጹ ላይ በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ሆነ ለዓመታት ያስተማርኩት ፊዚክስ ነው፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥቼ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህም ሾፌሮች ስለ መንገድ ላይ መናፍስት ማውራት ሲጀምሩ ሻዬን ይዤ ከአጠገባቸው የምነሳ ሰው ነኝ።

የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ከሬድስቶን ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው፣ ዙሪያው ገላጣ ስለሆነ ነፋስ የሚያግድ ነገር የለም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ነበር፣ በረዶው ከቀትር ጀምሮ ሳያቋርጥ ይጥላል፣ ተራራውን አቋርጬ ወደ ቫንኩቨር የምወስደው ጭነት ተሳቢው ላይ ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ሥራውን ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር፣ የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ አንድ ጉዞ ባስተጓጉል እንደማልቀጥል አውቃለሁ። ያም ሆኖ ፍተሻዬን አላሳጥርም፤ ሞተሩን አጥፍቼ፣ በእንጨት ዱላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታሁ አዳምጣለሁ፣ በደንብ የተነፋ ጎማ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ የተነፈሰው የታፈነ።

በግራ በኩል የፊተኛውን መታሁ፣ ከቀኝ በኩል አንድ ምት መለሰልኝ። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ ምንም እንኳ በዚያ ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ባይኖርም። ሁለተኛውን መታሁ፣ እዚያም ሁለተኛው ተመታ። ወደ ሦስተኛው ሄጄ ዱላዬን ገና ሳነሳ ከማዶ ሦስተኛው ተመታ፤ እዚህ ላይ ደርቄ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ማሚቶ ከድምፁ አይቀድምም፣ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። እኔ ቆሜ ሳለሁ አራተኛው ተመታ፣ ከዚያም በተሳቢው መጨረሻ ያለው አምስተኛው፣ ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

«ማን ነው?» ብዬ በተሳቢው ኋላ ዞሬ ወደ ቀኝ በኩል ሄድኩ። እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርሰው በረዶ ላይ ዱካ የለም፣ የእኔም እንኳ ገና አልነበረም። ነገር ግን ነፋሱ በጎማዎቹ ጎን ላይ የለጠፈው በረዶ በእያንዳንዱ ላይ ቡጢ በምታህል ቦታ ተራግፎ ጥቁሩ ይታያል፣ በአምስተኛው ላይ በሦስት ቦታ። መታሁት፣ ድምፁ ጤነኛ ነው። አየሩን ለካሁ፣ ልክ ነው። ፍሬኑን አየሁ፣ ብሎኖቹን ነካካሁ፣ ምንም የለም፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ጋቢና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ለሙቀት አስነሳሁና ለስምሪት ኃላፊያችን ለአብዱ ደወልኩ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የወሎ ልጅ ነው።

«አብዱ፣ አልሄድም።»

«እትዬ ሰናይት፣ መንገዱ እኮ ኦፕን ነው፣ አሁን ቼክ አደረግኩት። ሪፊውዝ እያደረጉ ነው?»

«አዎ፣ መብቴ ነው።»

«መብትዎማ ነው፣ ማን ከለከለ። ሪዝኑን ፎርሙ ላይ ይጻፉልኝና ጋሼ ዘውዱ በእርስዎ ቦታ ይሄዳሉ፣ ለምን ሪፊውዝ እንዳደረጉ ሳያነቡ ግን እንድልካቸው ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

ጋሼ ዘውዱ ስድሳን ያለፉ ሾፌር ናቸው፣ «አልሄድም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ አሰብኩ። «የአየር ሁኔታ» ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም ነበር፣ ነገር ግን እንዲህ ባለው አየር ሃያ ዓመት የነዱ ሰው አንብበው፣ ስቀውብኝ፣ ያንን ተሳቢ ይዘው ተራራ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ያየሁትን ጻፍኩ፦ «በቀኝ በኩል አምስተኛው ጎማ ሦስት ጊዜ ተመታ፤ መቺው አልተገኘም።»

ጋሼ ዘውዱ መጥተው ወረቀቱን በጋቢናው መብራት አነበቡት።

«አንቺ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ አላልሽኝም?»

«ነበርኩ፣ ጋሼ።»

«በዚህ ብርድ ጎማ የሚደበድብ ሥራ ፈት ካለማ እኔ ራሴ እቀጥረዋለሁ። ዱላውን አምጪው እስቲ።»

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና ቆሜ አየኋቸው። በግራ በኩል የፊተኛውን መቱ፣ ከማዶ መለሰ። ዞር ብለው አዩኝ፣ ፈገግታቸው ገና አልጠፋም። ሁለተኛውን መቱ፣ መለሰ። ሦስተኛውን ሊመቱ ዱላውን እንዳነሱ ከማዶ ተመታ፣ ክንዳቸው አየር ላይ ቀረ፣ ከማዶ ግን ቀጠለ፣ አራተኛው፣ ከዚያ አምስተኛው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ዱላውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «አብዱ ጋ ደውዪልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ተነሱ እንዴ?» አለ አብዱ።

«አልተነሳሁም፣ አልነሳምም።»

«እርስዎ? ሪዝን ምን ልበል?»

«ከላይ የተጻፈው ነው በል።»

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ግቢው ደረስኩ። ሌሊቱን በነፋስ ሲጥል ያደረው በረዶ የትናንቱን ምልክት ሁሉ ሸፍኖታል፣ ዱካ አንድም የለም፤ በግራ በኩል ግን ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ጎማ ላይ፣ እኔም ጋሼ ዘውዱም ሳንመታቸው በተውናቸው ላይ፣ በረዶው ቡጢ በምታህል አንድ አንድ ቦታ ተራግፏል። ያቋረጥነውን ፍተሻ አንድ ሰው የጨረሰልን ይመስል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

መካኒኩ አምስተኛውን ጎማ አውልቆ፣ ፍሬኑን ፈታትቶ፣ አንዳች ጉድለት አላገኘም። መንገዱም ሌሊቱን አልተዘጋም፣ አደጋ ደረሰ ሲባልም አልሰማንም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ነገር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ለመረዳት ይቀለኝ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት ሁለታችንንም ጠርቶ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ አልተቆጣም፣ የሙከራ ጊዜዬንም አላነሳም። «ምክንያቱ ተወግዷል» በሚለው መስመር ላይ እንዲፈርም ቅጹን ለመካኒኩ ሰጠው፣ መካኒኩ ለአብዱ አቀበለው፣ አብዱ ለጋሼ ዘውዱ፣ ጋሼ ዘውዱ ለእኔ፤ እኔም አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጭነቱ ወደ ሌላ ተሳቢ እንዲዛወር፣ እኔና ጋሼ ዘውዱ አብረን ይዘነው እንድንሄድ፣ ያኛው ተሳቢ ደግሞ የሚፈርምለት ሰው እስኪገኝ ከቆመበት እንዳይነቃነቅ ተወሰነ። መስመሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።