ሐይቁ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን

መዛኙ በማለዳ ከሚዛኑ ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። የዓሣ አጥማጆቹን ወርኃዊ ኮታ የሚቆጣጠረው፣ ኮታው ሲሞላም ሐይቁን የሚዘጋው እርሱ ነበር። ከዘጋው ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አዳልጦት ነው፤» አለ የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ከሬሳው ይልቅ ውሸቱ አድክሟታል።

«በአፍጢሙ የወደቀ ሰው ማጅራቱን በምን ተመታ?»

ግድግዳው ላይ የአጥማጆቹ ቅርጫቶች በአፋቸው ተደፍተው ተሰቅለዋል። ሁሉም ደረቅ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ያንጠባጥባል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ፤» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ዓይኑ እንደ ቀላ። «ሐይቁ ከተዘጋ ወዲህ ግን አልነካሁትም።»

«ትናንት ‹በልጆቼ ጉሮሮ ላይ ቆመሃል› ስትለው አገር ሰምቷል!» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ኧረ ተወው እቴ!» አሉ ለዓሣው በረዶ የሚሸጡት አሮጊት። «እኔ ባሌን በቀን ሦስቴ እገድልሃለሁ እለው የለ? ይኸው ሰባ ዓመቱን ደፈነ!»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ወንድምየውን ሊያስር ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ እስቲ፤» አለች መርማሪዋ። ከቅርጫቱ ስፌት መካከል ምስር የምታክል የዓሣ ቅርፊት በጥፍሯ ነቅላ አየቻት። ቀጥላ የወንድምየውን መረብ አስመጣችና በአንዲቷ የመረቡ ዓይን አራት ጣቷን አሳለፈች።

«ሊቀ መንበር፣ የወረሳችኋቸው ሕገ ወጥ መረቦች የት ናቸው?»

«መጋዘን። ካምና ጀምሮ ተቆልፎባቸዋል።»

«እስቲ ቁልፉን።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሚዛን ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ከመሸሹ በፊት ቅርጫቱን አጥቦ ደፍቶ ሰቀለው። የአጥማጅ እጅ ለምዶታል፤ ሳያስበው ያደርገዋል። ቅርፊቷ የዓሣ ጫጩት ቅርፊት ናት። እንዲህ ያለው በወንድምየው መረብ ሾልኮ ይወጣል፤ የሚይዘው ዓይነ ጠባብ መረብ ነው። መጋዘኑን ከፈትኩት። ዓመት ከተቆለፈበት ክምር ውስጥ አንዱ መረብ ርሷል። ቁልፉ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ኪስ ብቻ ነው። ሊቀ መንበር፣ ሌሊት ተደብቀህ ስታጠምድ ብትታይ በሌላ እንዲላከክ የሰው ቅርጫት ወሰድህ፤ ልትመልስ ስትገባ መዛኙ ደረሰብህ።»

ሊቀ መንበሩ ሚዛኑ ላይ ቁጭ አለ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ዓሣው እስኪራባ ጠብቁ! ጠብቁ!› እያልኩ እኔው ራሴ ሰዉን ስለምን ኖርኩ። ሰለቸኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ነው...»

መርማሪዋ ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን ወረቀት ዘረጋች። «ሰኞ ሊያነብላችሁ ያዘጋጀው ነው። ዓሣው ተራብቷል፤ ኮታው ይጨመራል ይላል።»

«በስንት?» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ሳያስበው።

«በእጥፍ።»

ይህን ቃል ለመስማት ሦስት ዓመት ከጠበቁት አጥማጆች አንዱም ቀና አላለም።