የአንድ ትከሻ ጥጥ

ሟቿ በልብስ ስፌት ቤቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር በጎኗ ተኝታለች። የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚሷ ወገቧን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ከዚያ በታች ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከባዱ የብረት ካውያ ከጭንቅላቷ አጠገብ ወድቋል። በምን እንደተመታች ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች፤ ቀና አለች። ባልደረቦቿ «ቶሎ በሉ» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ ከአፏ የማይጠፋ ነገር ስለሆነ።

«ጉዳዩ አልቋል» አላት አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ። «ታናሽ እህቷ ናት። ሟቿ ቀትር ላይ መስኮቱን ስትዘጋ ታይታለች። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ይዛ የገባችው እህቲቱ ናት። ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ከቀትር በኋላ የት እንደነበሩ ምስክር አላቸው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እህትማማቾቹ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። እስከ ማታ ክሱን አዘጋጂ።»

«ሐኪሙስ?»

«ጠዋትም ሊሆን ይችላል፣ ከቀትር በኋላም ሊሆን ይችላል ብሏል። ጠዋት ሞታ ቀትር ላይ መስኮት አትዘጋማ!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እያየች ነበር፦ ከመደብር የተገዛ ርካሽ ቀሚስ፣ የዋጋው ወረቀት አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። ሟቿ ከለበሰችው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ጨርቁ ብቻ ይለያል። የቀኝ ትከሻው ስፌት ተተርትሮ ወፍራም ጥጥ ወጥቷል። መርማሪዋ በግራው ትከሻ ጣቷን አስገባች። ባዶ ነው።

«እህቲቱ እስከ ቀትር የት ነበረች?»

«ክፍል ውስጥ። አስተማሪ ናት። ምን ያደርግልሻል?»

ርካሹን ቀሚስ ይዛ ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ቆራጩን ነው። ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሽማግሌ ነው፤ ሟቿ የምትነድፈውን በወረቀትም በጨርቅም ላይ ሲቆርጥ ነው ያረጀው።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት የሚሰፋው ምንድነው?»

«የድሮ ቀሚስ ነዋ። እናቶቻችን በልጅነታቸው የዘነጡበትን፣ ለዛሬ ሰው ገላ። ዳሌዋ ለሰፋ ከወገቧ ጀምሮ እንዲለቃት፣ ሆዷ ለወጣ ስፌቱ ከጡቷ ስር እንዲነሳ፣ ደረተ ጠፍጣፋዋን ደግሞ እዚህ ጋ ሸብሸብ። እትዬ ሰው በር ላይ ሲደርስ ዓይታ ትለካው ነበር። አንቺን ለምሳሌ...»

«እኔን ይተዉኝ።»

«ትከሻሽ ሰፊ ነው። ይሄ ጃኬት ቁምሳጥን አስመስሎሻል። አንገቱ ሾል ቢል፣ ከታች ነፋ ቢል...»

«ጋሼ፣ ሰው ሞቷል።»

«ሞቷላ» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ሞታብናለች።»

ርካሹን ቀሚስ አሳየችው።

«የሌቦች ስራ ነው» አለ። «አንድ ሰው ቅዳችንን፣ የምንቆርጥበትን የወረቀት ልክ፣ ለፋብሪካ አሳልፎ ሰጥቷል። ማዞሪያው ላይ ያለው መደብር ሞልቶታል። ሰሞኑን የገዙት ሴቶች ሁሉ አንድ ትከሻቸውን ሰቅለው ነው የሚሄዱት። ሰፈሩ በሙሉ የተኳረፈ ነው የሚመስለው!» ሳቁ መጣበትና ወዲያው ዋጠው።

«ለምንድነው ለአንድ ትከሻ ብቻ ጥጥ ያደረጉበት?»

«እኔ ምን አውቄ። ፋብሪካ ነው።»

መቀሱን መወልወል ጀመረ። መቀሱ ንጹህ ነበር።

የሟቿ ምራት፣ የልጇ ሚስት፣ ቀጭን፣ ቁመቷም ወገቧም ከአማቷ እኩል የሆነ ሴት ናት። ባሏ ሩቅ አገር ይሰራል፤ እሷ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ስትቀመጥ በዝግታ ነበር፤ ግራ እጇ ጎኗን አልለቀቀም።

«አመመሽ?»

«ድንጋጤ ነው። ቀስፎ ያዘኝ።»

«ትሰፊያለሽ?»

«እኔ? ክር እንኳ አላስገባም። እማማም መርፌ እንድነካ አይፈልጉም ነበር።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ዛሬ ሱቁ ዝግ ነው። ብቅ ብዬ የደንበኛችንን የሙሽሪትን ቀሚስ ወስጄ ወጣሁ፤ እማማ ደህና ነበሩ። ከቀትር በኋላ ሙሽሪት ቤት ነበርኩ፤ ቤተዘመዱ በሙሉ አይቶኛል። ቆጠራ ብታደርጊ ሃያ ሰው...»

«እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ጠዋቱ ነው።»

«ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«አማትሽ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?»

«ቀጥ ያሉ» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። «ልባቸውም ገላቸውም። እንደ ምሰሶ። ሲለብሱ ግን ማንንም አያስገቡም፤ በር ዘግተው ነው።»

ሙሽሪት ስትጠራ እያለቀሰችም እየተቆጣችም መጣች። በበሩ በጎን ነው የገባችው፤ ዳሌዋ ፊት ለፊት አያስገባትም።

«ጠዋት ለመለካት መጥቼ መለሰችኝ!» አለች። «ምራቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ‹እማማ ስራ ይዘዋል፣ እኔ እቤት አመጣልሻለሁ› አለችኝ። እትዬ ደግሞ ሳይለኩ ቀሚስ አያወጡም። የተናደድኩት!»

«እሳቸውን አየሻቸው?»

«ድምፃቸውንም አልሰማሁም።»

«ቀሚሱስ ሆነሽ?»

«ሆነኝ እንጂ! አይ እትዬ! እናቴ እኮ አላወቀችኝም። ይሄ ሁሉ ዳሌ የት እንደገባ እኔ ራሴ ግራ ገባኝ።» እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚጠግኑት ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ «አባባ ሶል» ይላቸዋል። ሟቿን ቀትር ላይ ያዩዋት እሳቸው ናቸው።

«ፊታቸውን አይተዋል?»

«ጀርባዋን ነው ያየሁት፣ ልጄ። ግን ያቺ የወይን ጠጅ ቀሚሷ ናት፤ በስራ ቀን ከሷ ሌላ ለብሳ አታውቅም። ሁለት አላት፤ አንዷ ስትታጠብ አንዷን ነው። እጄን ባነሳላት ሳትዞር እጇን አነሳችና መስኮቱን ዘጋች። ተቆጥታለች አልኩ።»

«ለምን?»

«የቀኝ ትከሻዋን ሰቅላ ነበራ! ቀሚሷም በዚያው ጎን ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። እትዬ እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ውሃ ልክ የመሰለች ሴት።»

መርማሪዋ መንገዱን ሮጣ ተሻገረች። መኪና ጮኸባት፤ እሷም መልሳ ጮኸችበት።

የሟቿ ቁምሳጥን ውስጥ ሁለተኛው የወይን ጠጅ ቀሚስ ተሰቅሏል። ገለበጠችው። ቀኝ ትከሻው ወፍራም ጥጥ አለው፤ ግራው የለውም። በግራ ጎኑ ዚፑ አጠገብ ገበሩ እንዲጠብ በስፒል ተይዟል፤ ስፌቱ ገና አላለቀም። ከስፒሎቹ የአንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቷል። ገበሩ ላይ፣ ልክ እዚያው፣ ጭረት የምታህል የደም ምልክት አለች።

ከቁምሳጥኑ ጀርባ ደግሞ በአንሶላ የተሸፈነ የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ቆሟል። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ስልክ አወጣች።

«ዶክተር፣ የሟቿ ትከሻ እንዴት ነው? ጎኗስ የተወጋ፣ የተጫረ ነገር አለው? ቶሎ በሉ።»

መልሱን ሰማችና ወደ ጣቢያ ሄደች።

እህቲቱ ጣቷ ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ ነው የታሰረችው።

«ባለፈው ሳምንት በምን ተጣላችሁ?»

«እባክሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ጀርባሽን ያመሻል አልኳት። ‹ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል› ብላ ጮኸችብኝ።»

«የቀኝ ትከሻዋ ምን ሆኖ ነበር?»

 የእህቲቱ እጅ ሳታስበው ወደ ራሷ ቀኝ ትከሻ ሄደ።

«ምንም አልሆነም። እትዬ ቀጥ ያለች ናት።»

«እየዋሸሽኝ ነው። ውሸትሽ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ያሳስርሻል።»

«እሰሪኝ» አለች እህቲቱ።

አመሻሽ ላይ ሁሉም መቁረጫው ክፍል ተሰበሰቡ። እህቲቱ ከፖሊስ አጠገብ፣ ቆራጩ መስኮቱ ጋ፣ ሙሽሪት በሰፊው ወንበር ላይ፣ አባባ ሶል በሩ ስር። ምራቲቱ መቀመጥ አልፈለገችም። አለቃዋ ሰዓቱን ያያል።

መርማሪዋ ሁለት አሻንጉሊቶች አቁማለች፤ አንደኛው ተሸፍኗል። ከፋብሪካ የመጣውን ቀሚስ ጥጡን መልሳ ባልተሸፈነው ላይ አጠለቀችለት። የቀኝ ትከሻው ሽቅብ ቆመ፤ ጠርዙ በዚያው ጎን ከፍ አለ።

«እሱ ነው!» አሉ አባባ ሶል። «እንዲህ ሆና ነው ያየኋት!»

«ያዩት እሷን አይደለም፣ አባባ።»

አንሶላውን ገፈፈች። የዚህኛው አሻንጉሊት ቀኝ ትከሻ ወደ ታች የወረደ ነው። ያንኑ ቀሚስ አጠለቀችለት። ትከሻው ተስተካከለ፤ ጠርዙም ዙሪያውን እኩል ሆነ።  ቆራጩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሟቿ በልጅነቷ ወድቃ ትከሻዋ ተሰብሮ ያለቦታው ጠግጓል። ሐኪሙ አረጋግጧል። የሰውን ሁሉ ጉድለት በጨርቅ ስትሸፍን የራሷንም ሸፍና ኖረች። ጠማማውን የሚያቃና ቀሚስ ቀጥ ያለ ሰው ሲለብሰው ያጣምመዋል። ስለዚህ ቀትር ላይ መስኮቱን የዘጋችው ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ የሟቿን ሁለተኛ ቀሚስ ለብሳ፣ ሟቿ እስከዚያ በሕይወት ያለች እንድትመስል። ሟቿ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ወለል ላይ ነበረች።»

«ጠዋት እህቲቱ ክፍል ውስጥ ነበረች» አለ አለቃዋ ቀስ ብሎ።

«ገባህ። ጋሼ፣ ትከሻዋን ያውቁ ነበር?»

«ቅዷን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም እንዴ!» አለ ቆራጩ። «አስምላኛለች።»

«የሚያውቅ ሰው ቢሆን ጥጡን ሳያወጣ አይለብሰውም ነበር። በዚያ ላይ ጋሼ ያንን ቀሚስ ቢሞክሩት መንገዱ በሙሉ ስፌቱ ሲፈነዳ ይሰማ ነበር። ሙሽሪትም አይገባትም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ኧረ እውነት ነው» አለች ሙሽሪት።

ሁሉም ወደ ምራቲቱ ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች።

«ቅዱን ሰርቆ የሸጠውም ሰው ትከሻውን አያውቅም» ቀጠለች መርማሪዋ። «ስፌት ስለማያውቅ ከመሳቢያው ያማረውን መረጠ። የአማትሽን የራሷን ቅድ ነበር ያነሳሽው። ፋብሪካውም እንዳለ ሰፋው፣ ከነአንድ ትከሻ ጥጡ። ሟቿ መንገድ ላይ የራሷን ትከሻ በስንት ሴት ላይ እንዳየች አስቡት! ገዝታ አመጣችው፤ ተረተረችው፤ ዛሬ ጠዋት ጠራችሽ።»

«ማስረጃሽን አሳዪኛ!»

«ጎንሽን አሳዪኝ።»

የምራቲቱ እጅ ጎኗ ላይ ደረቀ።

«ሁለተኛው ቀሚስ በመጥበብ ላይ ነበር። ስፒል ውስጡ ቀርቷል። ልብስ ሰፊ ቢሆን መጀመሪያ በእጁ ይዳብሰዋል። ገበሩ ላይ ያለው ደም የሟቿ አይደለም፤ ጎኗ ምንም አልሆነም። የማን እንደሆነ ላቦራቶሪው ይነግረናል፣ ወይም አንቺ ትነግሪናለሽ። ቶሎ በይ።»

ምራቲቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«‹ለልጄ እነግረዋለሁ፣ ውጪልኝ› አሉኝ» አለች፣ ማንንም ሳትመለከት። «እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ካውያው እጄ ስር ነበር። ስንት ዓመት እዚህ ቆሜ ለሌላው ሴት ሁሉ ገላ ሲጨነቁ አየሁ። ለኔ አንድ ቀሚስ አልሰፉልኝም። አንድ!»

ፖሊሶች ከወለሉ አንስተው ወሰዷት።

አለቃዋ የእህቲቱን ካቴና ራሱ ፈታ። እህቲቱ እጇን አላሸችም። ከአሻንጉሊቱ ፊት ቆማ የወረደውን ትከሻ በአንሶላ ሸፈነችው።

«ስንት ዘመን የደበቀችውን» አለች ለመርማሪዋ፣ «አንቺ ሰው ሰብስበሽ ገለጥሽው።»

«አንቺን ለማዳን ነው።»

«እሱንማ አወቅኩ። አመሰግናለሁ።» ድምጿ ውስጥ ግን ምስጋና አልነበረም።

አባባ ሶል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ጆሮዬ ደከም ብሏል፤ ምን እንደተባለ አልሰማሁም» አሉ። «የማውቃት እትዬ ውሃ ልክ ናት። የጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሰማው።»

«እኔም እያለቀስኩ ስለነበር አልሰማሁም» አለች ሙሽሪት። ቆራጩ ራሱን ነቀነቀ።

እህቲቱ ወደ በሩ ስትሄድ ቆም አለች። «ሐኪሙ ቀሚሷን አውልቆባት ይሆን?»

መርማሪዋ ስልኳን አወጣች። አስከሬን ክፍል ያሉት ወዲያው አነሱ።

«የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ ለብሳ የመጣችው» አለች። «ሐኪሙ ሲጨርስ መልሳችሁ ታለብሷታላችሁ። የትከሻውን ጥጥ እንዳታወጡት፤ በቀኝ በኩል ነው። እህቷ መጥታ ስታያት ቀጥ ብላ እንድትጠብቃት።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ቶሎ እንጨርስ እንዴ ብሎ ጠየቃት።

«የለም» አለች ባልደረቦቿ «ቶሎ በሉ» የሚሏት መርማሪ። «ቀስ በሉ።»